ለቁም ሰው የወጣ ድንኳን

«ኧረ እኔ አልሞትኩም!» አሉ ጋሽ ዘመድኩን።

ማን ሰምቷቸው! ወይዘሮ ኖላዊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ስትመጣ በሩን የከፈቱላት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። እሷ ግን ዓይኗን እንባ ጋርዶት ስለነበር፣ የከፈተላትን ሰው አንገት እንቅ አድርጋ «ወይኔ! ወይኔ ጋሽ ዘመድኩን! ደግ ሰው አለቀ!» እያለች ትከሻቸው ላይ ተንሰቀሰቀች። ጋሽ ዘመድኩን በአንድ እጃቸው ሙዝ የሚቆርጡበትን ገጀራ ከሰው አርቀው ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋሉ።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላሉ። የሚያለቅስ ሰው ትከሻ ላይ ሲወድቅ ሌላ ምን ይባላል?

ከኋላዋ አሥር የሚሆኑ ሴቶች ነበሩ። ሁለቱ የንፍሮ ድስት ተሸክመዋል። ኖላዊት አፍንጫዋን ለመጥረግ ቀና ስትል ነው የማንን አንገት እንዳቀፈች ያየችው። «በኢየሱስ ስም!» ብላ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ የፕላስቲክ ወንበር ባይቀበላት ኖሮ ሁለት ለቅሶ ይሆን ነበር።

ይሄኔ ነው ክብሩ እየሮጠ የደረሰው።

ክብሩ የእድራችን ጸሐፊ ነው። በመንደራችን በጫኖ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ቀብር ላይ የሚያነበው እሱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንብቧል። ድምፁ ያምራል፣ ትንሽም ያጋንናል። ሁለት ፍየል የነበረው ሰው በክብሩ ወረቀት ላይ ከብት አርቢ ይሆናል፤ ቢሆንም ሬሳ ተቃውሞ ስለማያውቅ ሥራው ሰላማዊ ነበር። ክብሩን የሚያንገበግበው ግን አንድ ነገር አለ። ያን ሁሉ መልካም ነገር ጽፎ ሲያነብ ባለቤቱ አይሰማም። ሚስቱን ስንት ጊዜ «አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ የራሱን ታሪክ ሲሰማ አይቼ ብሞት» ብሏታል። እሷም «መጀመሪያ አጥሩን ጠግንና ሙት» ትለዋለች።

ታዲያ ከሦስት ሳምንት በፊት ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር፣ ለቀበሌው ደብዳቤ መጣ። በ1970ው የኦጋዴን ጦርነትና ከዚያም በኋላ ሦስት ኒሻን የተሸለመ ጀግና እናንተ ዘንድ አለ፤ ልናከብረው እንመጣለን፤ ታሪኩ ተጽፎ ይነበብ ይላል። ስሙ ሲታይ፣ ጋሽ ዘመድኩን! መንደሩ በሳቅ ሊሞት። ጋሽ ዘመድኩን እኮ ዶሮ ማረድ ስለማይሆንላቸው በበዓል ጎረቤት የሚለምኑ ሰው ናቸው። ሦስት ኒሻን!

ክብሩ ግን አልሳቀም። ደብተሩን ይዞ ሄደ። «ጋሼ፣ እንዴት ተሸለሙ?»

«ሠራሁ፣ ሰጡኝ።»

«ምን ሠሩ?»

«የታዘዝኩትን። አንድ ቀን ያልታዘዝኩትን። ከዚያ መጥቼ ሙዝ ተከልኩ። ጻፍ፣ ሙዝ ተከለ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ሌላ አልወጣቸውም። ክብሩ የልማዱን እንዳያደርግ ደግሞ፣ «አንዲት ቃል ውሸት ካነበብክ ተነስቼ ወደ ሙዜ እሄዳለሁ፤ እንግዶችህን ብቻህን ታስተናግዳለህ» ብለው አስጠነቀቁት። ያሉትን እንደሚያደርጉ ሁሉም ያውቃል። እናም ዛሬ እንግዶቹ ስምንት ሰዓት ላይ ሊደርሱ፣ የክብሩ ወረቀት ላይ ያለው ስም፣ የትውልድ ቦታና ሙዝ ብቻ ነበር።

«ጡሩምባውን ማን አስነፋ?» አለ ክብሩ እያለከለከ።

ጡሩምባ ነፊው ዘርአብሩክ ከአጥሩ ሥር ብቅ አለ። «ቅጹን አየሁ፤ ነፋሁ። ከአስፓልቱ እስከ ወንዙ ነው የነፋሁት። ስህተት አለው?»

ስህተቱ የክብሩ ነበር። የእድራችን ደንብ ጥብቅ ነው። ድንኳኑና መቶው ወንበር ለለቅሶ ካልሆነ ከመጋዘን አይወጡም፤ ሰርግ ያለበት ከከተማ ይከራይ። ንብረት ጠባቂው ሲሳይ ደግሞ ከደንቡ የባሰ ነው። ክብሩ ጠዋት ሄዶ «ለክብር ዝግጅት ነው» ሲለው፣ ሲሳይ ቅጹን ገልብጦ አገላብጦ አየና «ክብር የሚል መስመር የለውም» አለው። ቅጹ ላይ ያለው የሟች ስም፣ የሞተበት ቀን፣ የቀብር ቦታና ፊርማ ነው። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ፀሐዩ ይከራል። ክብሩ እስክሪብቶውን አወጣና ሞላው። የሟች ስም፣ ዘመድኩን። የሞተበት ቀን፣ የዛሬ። የቀብር ቦታ የሚለው ላይ ትንሽ አሰበና «ግቢው» ብሎ ጻፈ። ድንኳኑ ወጣ። ቅጹ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ዘርአብሩክ መጥቶ አነበበው።

«አንተ ክብሩ፣ ደህናውን ሰው ገደልከው!» አለች ኖላዊት። ነጠላዋን ገልብጣ ለመልበስ ትታገላለች፤ እንባዋ ገና አልደረቀም። «እና ንፍሮውን ምን ልናደርገው ነው?»

«ይበላላ» አሉ ወይዘሮ አስቴር፣ የጋሽ ዘመድኩን ሚስት፣ ከማድ ቤት ብቅ ብለው። ለእንግዶቹ የበቆሎ ሊጥ እያድበለበሉ በሽፈራው ቅጠል ኩርኩፋ እየሠሩ ስለነበር እጃቸው በዱቄት ነጭ ሆኗል። «ከኩርኩፋው ጋር ይሄዳል። አንተ ደግሞ ሰው ሊያለቅስልህ ሲመጣ በገጀራ ትቀበላለህ? ግባና ሱፍህን ልበስ!»

ባለ ሦስት ኒሻኑ ጋሽ ዘመድኩን እሺ ብለው ገቡ። ባለ ኒሻን ስል በስም ነው፤ ኒሻኖቹ የት እንዳሉ እስከዚያች ሰዓት ከእሳቸውና ከወይዘሮ አስቴር በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ለቀስተኛው ግን መምጣቱን አላቆመም። ከደጋው ከኦቾሎ በኩል የወረዱ አሉ፤ ከአርባ ምንጭ ከተማ ከሲቀላ በባጃጅ የመጡ አሉ። እያንዳንዱ እያለቀሰ ይገባል፣ ሴቶቹ ይነግሩታል፣ ይደነግጣል፣ ይስቃል፣ ንፍሮ ይዘግናል፣ ይቀመጣል። ክብሩ ድንኳኑ ጥግ ባዶ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ሰዓቱን ያያል። ስድስት ሰዓት ከሩብ።

አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ወረዱ። ሀጂ ሚፍታ ናቸው፤ ሲቀላ ገበያ ላይ እህል በጅምላ የሚሸጡት። ከጋሽ ዘመድኩን ጋር መተዋወቃቸውን እንጂ የት እንደተዋወቁ ያወቀ የለም። ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ፣ ማንም ሳይደርስባቸው፣ በቀጥታ ድንኳኑ መሃል ገብተው ከዘራቸውን ተከሉ።

«ኢና ሊላሂ!» አሉ። «ከእንግዲህ አልደብቅም! አለቀ! ሞቷል፤ እናገራለሁ!»

ኖላዊት «ሀጂ፣ እኮ ሰውየው...» ልትል ስትነሳ ክብሩ እጇን ለቀም አደረጋት። ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ኖላዊት አየችው፤ ወረቀቱን አየች፤ ገባት። እንዲያውም ሽማግሌው እንዳይጠራጠሩ «ወይኔ ወንድሜን!» ብላ አንዴ አጀበቻቸው። ሌሎቹም ሴቶች ንፍሯቸውን አላምጠው እስኪውጡ ጠብቀው ተቀበሏት።

«ሃምሳ ሦስት ሰዎች ነበርን» አሉ ሀጂ። «ኮረብታ ላይ ተከበን ሁለተኛ ቀናችን። ጥይት አለ፣ ውሃ የለም። ምላሴ አፌ ውስጥ የሌላ ሰው ምላስ መስሎኝ ነበር። የውሃ ቦቴው ከታች ቆሟል፤ ሹፌሩ ይሄ ነው፣ ከአርባ ምንጭ የመጣው ዝምተኛ። መንገዱ በመድፍ ይታረሳል። ማንም እንዳይንቀሳቀስ ተብሏል። እሱ ግን አስነሳው!»

የቤቱ በር ተከፈተ። ጋሽ ዘመድኩን ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸው ግማሽ ታስሮ ግማሽ ተንጠልጥሎ፣ ከሀጂ ጀርባ በኩል ብቅ አሉ። ድምፁን ሰሙና ባሉበት ቆሙ። ክብሩ በዓይኑ ለመናቸው። አንዲት ደቂቃ፣ ጋሼ። አንዲት ደቂቃ ብቻ።

«ሲደርስ ቦቴው ወንፊት ሆኗል» አሉ ሀጂ። «ውሃው ከየቀዳዳው ይንዠቀዠቃል። እኛ ተራ መጠበቅ የለ፣ ኩባያ የለ፣ አፋችንን በየቀዳዳው ደግነን እንደ ጥጃ ጠጣን! ጥይት በበሳው ነው የጠጣሁት! ከዚያ ቀዳዳውን በእንጨት ወትፎ ተመለሰ። ደግሞ መጣ። ሦስተኛው ላይ መኪናው ተቃጠለ። እሰይ ተረፈ እንል ነበር እኮ ቢቀር። በእግሩ መጣ! ሁለት ጀሪካን ይዞ፣ አንድ ቅንድቡ ተቃጥሎ! ጠመንጃህስ ስለው ‹ከብዶኝ ተውኩት› አለኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚያላምጥ ሰው አልነበረም።

«ማክሰኞ ያለ ትእዛዝ መኪና አንቀሳቅሷል ብለው አሰሩት። ቅዳሜ ኒሻን አደረጉለት። ያሰረውም የሸለመውም አንድ መኮንን ነው። ሌሎቹን ሁለት ሌላ ግንባር ነው ያገኛቸው፤ ያም ውሃ ነው፣ ሌላ አያውቅም። በ83 ጦሩ ሲበተን ወታደር ነበርኩ ማለት ያስፈራ ነበርና ‹ሚፍታ፣ ሳልሞት እንዳታወራ› አለኝ። ወላሂ አልኩት። ዘመኑ ተለወጠ፤ ልናገር ስለው ‹ምለሃል› ይለኛል። ሠላሳ ዓመት አለፈ! ልጆቼ እንኳ ማን እንዳተረፈኝ አያውቁም። እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ሙዝ ሲሸጥ...» ዓይናቸውን በቆባቸው ጠረጉ።

«ሚፍታ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። «ሳልሞት እንዳታወራ አላልኩህም?»

ሀጂ ዞሩ። ከዘራው ወደቀ።

«ሞተሃል ተባልኩ!»

«ማን አለህ?»

«እድሩ ነዋ!»

ድንኳኑ በሳቅ ሊቀደድ ደረሰ። ሀጂ መጀመሪያ ጋሽ ዘመድኩንን በከዘራ ሊሏቸው ጎንበስ አሉ፤ ከዘራውን ትተው አቀፏቸው፤ አቅፈው ደግሞ አዲስ ለቅሶ ጀመሩ። «መሐላዬን አስበላኸኝ! አንተ ክፉ! አንተ ግትር!» ይላሉ። ጋሽ ዘመድኩን እንደ ጠዋቱ ጀርባ መታ መታ ያደርጋሉ፤ አይዞህ ማለት ግን አልቻሉም። ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረላቸው።

ክብሩ? ክብሩ እየጻፈ ነበር። ወረቀቱ ሞልቶ ጀርባው ላይ አልፏል። የሚያጋንነው ቦታ ፈልጎ አጣ።

«ለመሆኑ ኒሻኖቹ የታሉ?» አሉ ሀጂ ሲረጋጉ። «ዛሬማ ደረቱ ላይ አያለሁ።»

ወይዘሮ አስቴር ዱቄት በነካው ጣታቸው ወደ ማንጎው ዛፍ አመለከቱ። ዛፉ ላይ የሰርዲን ክዳኖች በሲባጎ ተንጠልጥለው በንፋስ ይሽከረከራሉ፤ መሃላቸው ደግሞ ሦስት ወፈር ያሉ ነገሮች በፀሐይ ያብረቀርቃሉ። «ስንት ዓመት ከዱቄት ዕቃ ሥር ደበቅናቸው። በኋላ ‹ቁጭ ከሚሉ ወፍ ያባርሩ› አለ።»

ክብሩ ወደ ዛፉ ሄዶ ቀና ብሎ አየ። በዚያ ዛፍ ሥር ስምንት ዓመት ተመላልሷል። እንዲያውም ወፍ ሲሸሽ አይቶ ቀንቶ የራሱ ማንጎ ላይ ሁለት አሮጌ ሲዲ ሰቅሏል።

እንግዶቹ በሰዓታቸው ደረሱ። የሰዎቹ መሪ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና ንፍሮ ሲያይ ፊቱ ጠቆረና መጀመሪያ ያገኘውን ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ እጅ ይዞ «እግዜር ያጥናዎት፤ በሕይወት አልደረስንባቸውም ማለት ነው?» አለ። «አሜን» አሉ ጋሽ ዘመድኩን፤ «በሰዓቱ ነው የደረሳችሁት፤ ተቀመጡ።»

ከጨንቻ ተሸምኖ የመጣውን የክብር ልብስ፣ ዱንጉዛውን፣ ትከሻቸው ላይ አደረጉላቸው። በአመድ የተወለወሉትን ኒሻኖች ደረታቸው ላይ የሰኩላቸው ሀጂ ሚፍታ ናቸው። ክብሩ ተነስቶ አነበበ። ሁለት ቦታ ላይ ቀና ብሎ ባለታሪኩ መስማታቸውን አየ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ጋሽ ዘመድኩን አልተነሱም። ጉልበታቸውን እያዩ እስከ መጨረሻው ሰሙ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እጃቸውን አወጡ።

«ሃምሳ አራት ነበሩ» አሉ። «ሚፍታ ራሱን አይቆጥርም።»

ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። ማንጎው ላይ ደግሞ፣ ጠባቂዎቹ መሄዳቸውን ያወቁ ወፎች ወዲያው ወረዱበት።

አመሻሹ ላይ፣ ድንኳኑ ሲፈታ፣ ሲሳይ ቅጹን ይዞ መጣ። መዝገቡ አልዘጋ ብሎታል። ለሟች የወጣ ዕቃ ተመልሷል፣ ሟቹ ደግሞ ወንበር እያነባበረ ነው። ክብሩ ቅጹን ተቀብሎ በሐፍረት ወደ ጋሽ ዘመድኩን ቀረበ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስምዎትን ልሰርዘው?»

ጋሽ ዘመድኩን መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ «ግቢው» የሚለው ላይ ትንሽ ቆዩ።

«ተወው» አሉ። «ስሙ ልክ ነው። ጊዜው ሲደርስ ቀኑን ብቻ ታስተካክላለህ።»