ለሃምሳ ስምንት መኪና የታሰበ ሜዳ

ሃምሳ ስምንት! ናዝሬት ይህን ቁጥር ስታገኝ ሎተሪ የደረሳት ያህል ነበር የፈነደቀችው። ጎፋ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው አቧራማ ሜዳ ዙሪያ፣ በአንድ ቀን ሃምሳ ስምንት መኪና ቆሞ አየች። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ፣ ፀሐይ አናቷን እየበሳት፣ ደብተሯን ታቅፋ ቆጠረች። ፔጆ፣ ላዳ፣ ፊያት፣ ላንድክሩዘር፤ አንድም አላመለጣት። መሥሪያ ቤቷ የገበያውን አካባቢ መልሶ ሊያለማ ተነስቷል። መንገዱ አስፋልት ይለብሳል፣ የውኃ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል፣ የመንገድ መብራት ይተከላል። መኪናው የት ይቁም ለሚለው ጥያቄ መልስ እንድታመጣ የተላከችው ደግሞ እሷ ነበረች፤ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት የፕላን ባለሙያ። መልሱን አመጣች፦ ሜዳው በሙሉ አስፋልት ይልበስና ስልሳ መኪና ይያዝ። አለቃዋ ኢንጂነር ኑረዲን ቁጥሩን ሲያዩ፣ "ጎፋ ይህን ያህል በልጽጓል እንዴ?" አሉና ፈረሙ።

በ1989 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የሜዳውን አራት ማዕዘን ልታመለክት ችካል ተሸክማ ተመለሰች። ሁለተኛውን ችካል እየመታች ሳለ አንድ ሽማግሌ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ። ጋሽ ዱጉማ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው፤ የሰፈሩ ዕድር ንብረት ያዥም እሳቸው ናቸው።

"ልጄ፣ ምን ልትሠሩበት ነው?"

"የመኪና ማቆሚያ ነው አባባ። ስልሳ መኪና ይይዛል።"

ጋሽ ዱጉማ ሜዳውን ዞር ዞር ብለው ቃኙ። የቆመው አራት መኪና ነው፤ ከአራቱም አንዱ ጎማ የለውም፣ ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠው። "የቀሩት ሃምሳ ስድስት ከየት ሊመጡ ነው?" አሉ።

ናዝሬት እንደ ማስረጃ ደብተሯን ገልጣ አሳየቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን አነበቡና ሳቃቸውን ለቀቁት። "እንዴ! ይሄማ የአቶ ከበበው ለቅሶ ነው! የጣውላ ነጋዴው! ከየአገሩ የመጣ ለቀስተኛ ነው እኮ የቆጠርሽው። ድንኳኑን አላየሽውም?"

እንዴት አላየችው! በፊቱ ስታልፍ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንገቷን ደፍታ ነበር ያለፈችው። ለቅሶውን አየች፣ መኪናውን አየች፤ ሁለቱን ግን አላገናኘችም። በሰጧት ቅጽ ላይ ለለቅሶ የሚሆን ዓምድ አልነበረማ!

የሽማግሌው ሳቅ ብዙ አልቆየም። "ድንኳን የምንተክለው እዚህ ነው፤ ሌላ ቦታ የለንም" አሉ። "ቤቶቻችንን አይተሻቸዋል፤ ሬሳው ከገባ ለቀስተኛው ውጭ ነው የሚቀረው። አስፋልት ላይ ደግሞ ካስማ አይመታም። ድንኳኑን አንስተሽ፣ ድንኳኑ ላመጣቸው መኪናዎች ቦታ ልትሠሪ ነው ማለት ነው?"

ናዝሬት ክው አለች። ችካሎቹን ሰብስባ ወደ ታክሲ ሄደች።

ዝም ማለት ትችል ነበር። ፕላኑ ተፈርሟል፣ ስሟ ከታች በኩል በቆንጆ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ ደግሞስ ማን ይጠይቃታል? ሁለት ቀን ሙሉ ይህንኑ ለራሷ ስትነግር ሰነበተች። ግን አባቷ የሞቱ ጊዜ እናቷ ድንኳን ውስጥ፣ በጎረቤት ተከበው፣ ሦስት ቀን ሲያለቅሱ ትዝ አላት። ያ ባይኖር እናቷ የት ሊወድቁ ነበር? አፈረች፤ በጣም አፈረች። ወደ ሜዳው ተመልሳ ሁለት ሳምንት ደግማ ቆጠረች። በገበያ ቀን ሃያ ሦስት ሆነ፤ በሌላው ቀን አሥራ አንድ ቢሞላ ነው። ወረቀቱን ይዛ አለቃዋ ቢሮ ገባች።

"ተፈርሟል እኮ ናዝሬት! ተፈርሟል!" ኢንጂነር ኑረዲን ከመቀመጫቸው ተነሱ። "ሰኔ ሳይወጣ ካልተጀመረ ፕሮጀክቱ እንዳለ ይታጠፋል። ቦዩም፣ መብራቱም። ሰፈሩ ክረምቱን እንደገና ጭቃ ሲያቦካ ሊከርም ነው?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ሰዎቹ ለቅሷቸውን የት ይቀመጡ?"

ኢንጂነሩ ግድግዳው ላይ ወዳለው ቀን መቁጠሪያ ሄደው ቀኖቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ሲመለሱ ድምፃቸው ወርዷል። "አምስት ቀን ልስጥሽ። መኪናም ድንኳንም የሚይዝ ሜዳ አምጪልኝ። ካልሆነ የመጀመሪያው ይሠራል።"

ከአምስቱ ቀን አንዱ ዝም ብሎ በመጨነቅ አለፈ። በሁለተኛው ጋሽ ዱጉማ ዘንድ ሄደች። አናጺ አይደሉ? የድንኳኑን ቋሚ ብረት በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉና፣ "መሬቱ ውስጥ አስቀድሞ የቧንቧ ቁራጭ ቢቀበርለትስ? ክዳን ይኑረው። ሰው ሲሞት ክዳኑን ከፍተን ቋሚውን እንከተዋለን፤ ገመዱንም እዚያው እናስራለን። ካስማ ምን ያደርግልናል?" አሉ። ናዝሬት ሽማግሌውን አቅፋ ልትስማቸው ምንም አልቀራት። ቧንቧው ግን አንድ ስንዝር እንኳ ከቦታው ከተዛነፈ ዋጋ የለውም፤ ትክክለኛው ልክ የሚገኘው ድንኳኑ ተተክሎ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ተከሉት። ታዲያ ሁለቱም አንድ ነገር ረሱ፤ ጎፋ ውስጥ ድንኳን በከንቱ አይተከልም። ገና ሸራው ከመወጠሩ ከየጓዳው ሰው ይወጣ ጀመር። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ጎትቶ፣ ሁሉም ወደ ሜዳው። በርበሬ ነጋዴዋ ወይዘሮ ከድጃ ከሩቁ እንባቸውን እያወረዱ መጡ።

"ኧረ ማን ነው? ማንን አጣን?"

"ማንም አልሞተም! ልንለካ ነው!" አሉ ጋሽ ዱጉማ ሜትሩን ከፍ አድርገው።

"ምን ልትለኩ? ሬሳ?"

ነገሩ ሲገባቸው ወይዘሮ ከድጃ ወገባቸውን ያዙ። "ያፈሰስኩትን እንባ ማን ነው የሚመልስልኝ?" ብለው ተቆጡ፤ እየተቆጡም ለናዝሬት የሜትሩን ጫፍ ያዙላት። ሰፈሩ አንዴ ወጥቷልና ናዝሬት ፕላኗን እዚያው በቆመ ላንድክሩዘር የሞተር ክዳን ላይ ዘርግታ አስረዳች። ሃያ አምስት መኪና፣ መሀሉ ላይ ክዳን ያላቸው ቧንቧዎች። የዕድሩ ጡሩምባ ሲነፋ መኪናዎቹ ይነሳሉ፣ ድንኳኑ ይገባል።

ቴዎ የሚባለው ባለ ላዳ ታክሲ ከት ብሎ ሳቀ። "እሙዬ፣ በጡሩምባ መኪና ሲነሳ የት ነው ያየሽው? ሌሊቱን ስሠራ አድሬ፣ ጎህ ሲቀድ ማን ሞተ ብዬ ልነሳ?"

"ጎረቤትህ ነዋ የሞተው" አሉ ወይዘሮ ከድጃ። ቴዎ ራሱን እያከከ ወደ ላዳው ሄደ። ኢንጂነር ኑረዲንም አዲሱን ፕላን ሲፈርሙ ያሉት ከቴዎ ቃል ብዙ አይርቅም፦ "ወረቀት ላይ ያምራል። ሹፌር የሚባለውን ፍጡር ግን አታውቂውም።"

ክረምቱ አልፎ ሥራው ተጠናቀቀ፤ ማቆሚያው ኅዳር ላይ ተከፈተ፤ የሰፈሩ መኪና ሁሉ እዚያው ያድር ጀመር። ናዝሬት ጠዋት ጠዋት እየመጣች መቁጠሯን አልተወችም። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሃያ ሁለተኛውን መኪና እየጻፈች ሳለ ጡሩምባው ጮኸ። ልብስ ሰፊው አቶ ሂርጳ ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ጋሽ ዱጉማ የዕድሩን መጋዘን ከፍተው ቋሚዎቹን አወጡና መኪናዎቹ መሀል ቆሙ። ማንም አልመጣም። አምስት ደቂቃ ሄደ፣ አሥር ደቂቃ ሄደ። ናዝሬት ሽማግሌውን ቀና ብላ ማየት አቃታት፤ በሰው ሐዘን ላይ በቁጥርና በመስመር የተጫወተች መሰላት። አንድ ሰው ብቻ ይምጣ፣ ብላ ጸለየች።

የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማች። ቴዎ ነው፤ ጋቢውን ተከናንቧል፣ ዓይኑ በእንቅልፍ አብጧል። ላዳው ብርዱን ጠልቶ አልነሳ አለ። "ምን ታዪኛለሽ፣ ግፊ እንጂ!" ብሎ ጮኸባት። ደብተሯን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ገፋች። ላዳው ሲነሳ ከወዲያ አንድ ፔጆ ተነሳ፤ ቀጥሎ ፊያቱ፤ ከዚያማ ሜዳው በሞተር ጩኸት ተሞላ። አንድ ቮልስ ብቻ ቀረች፤ ባለቤቷ ወሊሶ ሄዷል። ስምንት ወንዶች ዙሪያዋን ያዙና አንድ፣ ሁለት ብለው አንስተው፣ አንድም ቦታ ሳይጭሯት የገበያው አጥር ጥግ አስቀመጧት።

ክዳኖቹ ተከፈቱ። አንዱ ቧንቧ አሸዋ ሞልቶት ነበርና ናዝሬት ተንበርክካ በጣቷ ጠረገችው። ቋሚው ልክ ገባ። ሸራው ወጣ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደረደረ።

የመጨረሻው ወንበር ሲቀመጥ የሟቹ ልጅ ሀና፣ ሌሊቱን ሆስፒታል አድራ፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ብቅ አለች። "ለቀስተኛውን የት ላስቀምጠው፣ ቤቱ ሰው አይይዝ" እያለች ነበር የመጣችው። ድንኳኑን ስታይ ቀጥ አለች።

"ደረሳችሁልኝ?" አለች።

"ደርሰናል ልጄ" አሏት ጋሽ ዱጉማ። "ግቢ።"

ገብታ ተቀመጠች፤ እንደ ልቧም አለቀሰች።