ቱቦው ሲንቀጠቀጥ

እኔ ነርስ ነኝ፤ አባዬን ከጠየቃችሁት ግን ከሃዲ ነኝ። የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ብቸኛ ልጁ ነኝና ወርክሾፑን ትረከበኛለች ብሎ ሲጠብቅ ጋውን ለብሼ ቁጭ! «ፓምፑን ትታ መርፌ አነሳች» እያለ ለደንበኛው ሁሉ ሲያማኝ ይኸው ሰባት ዓመቱ።

የምሠራው በጠና የታመሙ ሰዎች ክፍል ነው። ባለፈው ማክሰኞ በእጄ ላይ የነበረችው የሂሳብ አስተማሪ ናት። ሳንባዋ በኢንፌክሽን ተዘግቶ ሥራ ካቆመ አሥራ ሁለት ቀኑ። ከአልጋዋ አጠገብ የቆመው መሣሪያ ውስጡ ባለው ፓምፕ ደሟን በወፍራም ቱቦ እየሳበ፣ ኦክስጅን እየሞላ፣ በሌላ ቱቦ ይመልስላታል። ሳንባዋ እስኪያገግም የሚተነፍስላት እሱ ነው። ድሮ እንዲህ ያለ በሽተኛ በመድኃኒት ተኝቶ ነበር የሚከርመው። አሁን አሁን ግን ነቅቶ፣ እያወራ፣ ጡንቻው እንዳይከዳው እየተራመደ መታከም ተጀምሯል። በእኛ ሆስፒታል ማንም አልሞከረውም። ዋናውን ሐኪም ሦስት ቀን ነዝንዤ ነው ያስፈቀድኩት።

«ዛሬ መራመዱ ካልሆነላት መልሰን እናስተኛታለን» አሉኝ። «ከተኛች ደግሞ ስለመነሳቷ አልምልልሽም።»

አስተማሪዋ ሰምታለች። እጄን ያዝ አድርጋ «መስኮቱ ስንት እርምጃ ነው?» አለችኝ። ባሏና ትንሿ ልጇ ግቢው ውስጥ ቆመው ሽቅብ እያዩ ነበር።

«ስምንት።»

«ዘጠኝ ነው። ከነቃሁ ወዲህ በዓይኔ ስለካው ነው የከረምኩት። እናንተ ነርሶች ሂሳብ አይሆንላችሁም!»

እንቅስቃሴ የሚያሠራት ፊዚዮቴራፒስት ደገፋት፤ እኔ ከመሣሪያው ጋ ሆንኩ። ቆመች! ሁለት እርምጃ ሄደች። ወዲያው ደም የሚስበው ቱቦ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስክሪኑ ላይ የደሙ ፍሰት በደቂቃ ከአራት ሊትር ወደ ሁለት ተኩል ወረደ። ከንፈሯ ጠቆረ።

«የፓምፑን ፍጥነት ጨምሪ!» ብለው ጮሁ ሐኪሙ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ማንም ሰው ይጨምራል፤ ፍሰት ሲያንስ መጨመር ነዋ! እኔም በአሥራ አራት ዓመቴ ጨምሬ የሰው ፓምፕ አቃጥያለሁ። ያን ዕለት አባዬ ጆሮዬን ይዞ «የሚስበው ቢያጣ ነው የሚንቀጠቀጠው! ስትጨምሪበት ጭራሽ ቱቦውን ይመጠዋል። መጀመሪያ ቀንሺለት፣ ከዚያ ውሃው የት እንደጠፋ ፈልጊ» ብሎኛል። ጆሮዬ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ቀነስኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዶክተር፣ አንዴ ይተዉኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በሌላ ቀን ቢሆን ጉዴ ፈልቶ ነበር።

አስተማሪዋን ወንበር ላይ አስቀመጥናት፤ ውሃው የጠፋው ከደም ሥሯ ነበርና እዚያው ፈሳሽ ለቀቅኩላት። ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ ጸለይኩ፣ ምን እደብቃለሁ! ከዚያ ቱቦው ረጋ አለ። ሦስት ሊትር። ሦስት ተኩል። አራት። ከንፈሯ ቀላ።

«እንደገና» አለች።

ተነሳች። መሣሪያውን እየገፋሁ ከጎኗ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ትንሿ ልጅ አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ሁለት እጇን ታወናጭፋለች። አስተማሪዋ እያለቀሰች ዞር አለችና «ዘጠኝ። አላልኩሽም?» አለችኝ።

ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። «ማነው ያስተማረሽ?»

«ፓምፕ ጠጋኝ» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ። ኮራሁ፤ ምን ይደረግ!

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ወርክሾፕ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። አባዬ የእጁን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ቀነስሽው ወይስ አጠፋሽው?»

«ቀነስኩት።»

«ጎሽ» አለና ፊቱን አዞረ። ጨርቁን ግን ወደ ዓይኑ ሲወስደው አይቻለሁ።

በዚህ መሀል የተበላሸ ፓምፕ የተሸከመ ደንበኛ ገባ። እኔን ሲያይ ሳቅ ብሎ «መርፌ ያነሳችው ልጅህ ይቺ ናት?» አለው።

አባዬ ቱግ አለ። «የምን መርፌ! ማነው እንዲህ ያለህ? ፓምፕ ላይ ነው የምትሠራው፤ ወራሼ ናት!»