የጠመመው መጋጠሚያ

«ሐሙስ ውሃ ይለቀቃል» ይላሉ እትዬ አበዛሽ።

ጎረቤታችን ናቸው። ወሬውን ከየት እንደሚያመጡት አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም። ሰኞም ይሉታል፣ ማክሰኞም ይሉታል፤ ሐሙስ ራሱ መሽቶ ቧንቧው ሲደርቅ «የሚመጣውን ሐሙስ ነው ያልኩት» ይሉታል። በእኛ ሰፈር መስመር ውሃ ከጠፋ ሁለት ወር ሞልቶታል። ጂንካ ደግሞ ዝናብ አይቸግራትም፤ ከላይ እየወረደብን ከቧንቧ አጥተን እንኖራለን።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን እማዬ ናት። ጉልበቷ መታጠፍ ካቆመ ዓመት አለፈው። ጉድጓድ ላይ ቁጢጥ ማለት አትችልም፤ ጀሪካን መሸከምማ አይታሰብ። ወንድሜ ሀብታሙ የሚኖረው ቀይ አፈር ከተማ ነው፤ አይሱዙ ይነዳል፣ የብሎኬት ቤት አለው። በመጣ ቁጥር የሚለው አንድ ነገር ነው።

«ሩሐማ፣ ወይ ተቀምጣ የምትጠቀምበት ሽንት ቤትና ውሃ ቤት ውስጥ አስገቢላት፣ ወይ እኔ ልውሰዳት።»

«አስገባለሁ።»

«ማን ይሠራዋል?»

«እኔ ነኛ!»

«አንቺ ቧንቧ ሸጠሽ እንጂ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

መሸጡንስ ሸጫለሁ። ስድስት ዓመት የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ ባለሙያ ተብዬዎቹ ዛሬ የሚገዙትን፣ ነገ ደግሞ «ተሳስቼ ነው» እያሉ የሚመልሱትን አይቼ ነው የተማርኩት። ካርቶኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አንብቤዋለሁ። ሰርተፊኬት የለኝም። ሰርተፊኬት ያላቸው የሠሩትን ሽንት ቤት ግን አውቀዋለሁ፤ ሽታው መንገድ ማዶ ድረስ ወጥቶ ይቀበላል።

ለእማዬ አዲስ ቤት አራት በአምስት ሜትር አድርጌ አወጣሁ። የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ ጭቃ፣ ቆርቆሮ። ሽንት ቤቱ ከመኝታዋ ሦስት እርምጃ ነው፤ እርምጃውን በእሷ እግር ለካሁት። ቧንቧው በአንድ ግድግዳ ውስጥ ብቻ እንዲያልፍ አደረግሁ፤ ባጠረ ቁጥር ወጪውም ጣጣውም ያጥራል። ሮቶ መግዛት አቅሜ አይደለም፤ በቀጥታ ከመስመሩ ነው የቀጠልኩት። የፕላስቲክ ቧንቧውን አቅልጦ የሚያጋጥመው ማሽን መብራት ይፈልጋል፣ መብራት ጠፍቷል፤ ብረቱን ከሰል ላይ አግዬ አጋጠምኩ። አምስት መጋጠሚያ። አራቱን ወደድኳቸው። አምስተኛው፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው፣ ትንሽ ጠመመብኝ።

ሕጉን አውቀዋለሁ። ቧንቧ በግፊት ውሃ ሳይሞከር ግድግዳ ውስጥ አይቀበርም፤ ይህን ሱቅ ውስጥ ለስንቱ ወንድ ተናግሬዋለሁ! ግን ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ አራተኛ ቀኑን ይዟል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶችም ለደቦ ቅዳሜን ሰጥተውኛል። ቀጣዩ ቅዳሜ የሌላ ሰው ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም የሌላ። ደቦ የመለሰ ሰው ሁለተኛ አይመጣለትም።

ቅዳሜ ጠዋት እየዘመሩ መጡ። አስተባባሪዋ ምህረት ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገባች።

«ይቺን ግድግዳ ለጊዜው ተዉልኝ» አልኳት።

«ለምን? ቤቱ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ይሁንልሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ አበዛሽ እጃቸው እስከ ክርን በጭቃ ተነክሮ ቀና አሉ፤ «እውነቷን ነው፣ ቆዩላት። ሐሙስ እኮ ውሃ ይለቀቃል።»

«የእርስዎ ሐሙስ እስኪመጣ ጭቃው ጡብ ይሆናል፣ እትዬ» አልኩ። ያኔ ከቅድሙ ይበልጥ ተሳቀ፤ እኔም በሳቁ ተሸነፍኩ። ትንሽ ለምኜ ቢሆን ይተዉልኝ ነበር። ለመለመን ግን «መጋጠሚያዬን አላመንኩትም» ማለት ነበረብኝ፤ ያንን ደግሞ በሃያ ሴት ፊት አልለውም። ለሰኑት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ግድግዳው ከላይ ደረቀ፣ ኖራ ቀባሁት፣ እማዬ ገባች። ውሃ እስኪመጣ ሽንት ቤቱን በጀሪካን እየደፋሁ አቆየሁላት። መጀመሪያ ቀን ስትወጣ «ወንበር ላይ ተቀምጬ! የቀበሌ ሊቀ መንበር መሰልኩ» ብላ አሳቀችኝ።

ከዚያ፣ ማን ያምናል፣ ሐሙስ ውሃ ተለቀቀ። የእትዬ አበዛሽ እልልታ ሰፈሩን አዳረሰ። ቧንቧው አስነጠሰ፣ ዝገት ተፋ፣ ጠራ። እማዬ ከአልጋዋ ሦስት እርምጃ ሄዳ ፊቷን ታጠበች፤ መልሳም ታጠበች።

ዓርብ ጠዋት ማዕዘኑ ላይ የሳሕን ያህል እርጥበት አየሁ። እኩለ ቀን ላይ ሰፌድ አከለ። መስመሩን ስዘጋው ጭቃው ከሥር ራሱን መያዝ አቅቶታል፤ በቁና በቁና ተገምሶ ወረደና የማገሩ ጫፍ ታየ።

ቅዳሜ ሀብታሙ ገበያተኛ ጭኖ መጣ። ሊሳደብ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። አልተሳደበም። ጭቃውን በጣቱ ነካ፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ።

«የቱ ነው ያፈሰሰው?»

«ማዕዘኑ ላይ ያለው። ሳጋጥመው ጠሞብኝ ነበር።»

«እያወቅሽ?»

ጥፋቱን በገዛ አፉ የተናገረ ሰው «እናቴን አትውሰድ» ብሎ አይከራከርም። የእማዬን ፍራሽ አብሬው ጫንኩ። ጋቢናው ውስጥ ደግፌ ሳስገባት «አይዞሽ ልጄ፣ ቤትሽ ያምራል» አለችኝ፤ ከስድብ ሁሉ የባሰው እሱ ነበር። መኪናው ሲሄድ እትዬ አበዛሽ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ፤ ያን ቀን ስለ ውሃ አላነሱም።

ግድግዳውን አልከፈትኩትም። የማውቀውን ምን ብዬ ልቆፍር? መስመሩን እንደዘጋሁ ተውኩት። ሱቅ ስሸጥም «እንዴት ላጋጥመው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ «ባለሙያ ጠይቅ» ማለት ጀመርኩ።

ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። እማዬ ቀይ አፈር ለመደች። ጎመን ተክላለች፣ በዚያ ያሉት የጸሎት ጓደኞቿ በየማክሰኞው ይመጡላታል፤ ባለፈው «ተመለሺ» ብላት «ከእንግዲህ የት ልሂድ ብለሽ ነው?» አለችኝ። ቤቱን ለማከራየት ወሰንኩና ትናንት ግድግዳውን በዶማ ፈለጥኩት።

የጠመመው መጋጠሚያ ደረቅ ነበር። በጣቴ አሸሁት፤ የዝገት ጠብታ፣ የውሃ መንገድ፣ ምንም የለበትም። ከእሱ በላይ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ግን ቧንቧው መሐል አንድ ሚስማር እስከ አንገቱ ገብቶ ተቀምጧል። ውሃው ከዚያ ተነሥቶ ቧንቧውን ይዞ ወደ ማዕዘኑ ነው የወረደው።

ደወልኩላት።

«እማዬ፣ እዚህ ቤት ሳለሽ መኝታሽ ግድግዳ ላይ ሚስማር መትተሽ ነበር?»

«አዎ፣ ገና ውሃው ሳይለቀቅ፣ ነጠላዬን ልሰቅልበት። ውስጥ ገብቶ ሲቀርብኝ በጭቃ ደፈንኩት። ምነው?»