የአስራ ሦስተኛው ጉድጓድ ምስክር

የብራንት ሐይቅ የሴቶች ጎልፍ ውድድር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሮ ሲቀር ከከተማው ሰው ያዘነም ነበር፣ ከመኪና ግርግር ተገላገልን ብሎ ደስ ያለውም ነበር። ኦሪን ቬልዴ ግን ሥራ ፈታ። ሥራው፣ ሥራ ከተባለ፣ መቀመጥ ነበር። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ አራት ቀን ሙሉ ከኩሬው ማዶ፣ ከአስራ ሦስተኛው ጉድጓድ አጠገብ፣ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ ጉድጓዱን ሲያይ ይውል ነበር። በአንድ ምት ኳሱን እዚያ የከተተች ተጫዋች አዲስ መኪና ታገኝ ነበር። መድን ሰጪው ግን ቁልፉን የሚለቀው ወንበሩ ላይ ያለው ሰው በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ከፈረመ ብቻ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የሚፈረምበት ነገር አልመጣም።

ዘንድሮ፣ ውድድሩ ከቀረ በአስራ ሁለት ዓመቱ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ብሪን ደወለችለት። ብሪን ለከተማው አዲስ ናት፤ የውድድሩን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ እያዘጋጀች ነው። የዘር ነጋዴዎች ማኅበር እንዴት እንደጀመረው፣ ኋላ ባንኩ እንዴት እንደተረከበው፣ ባንኩ ሲሸጥም አዲሶቹ ባለቤቶች ለጎልፍ ደንታ እንዳልነበራቸው አነበበችለት። የውጤት ወረቀቶቹ የክለቡ ምድር ቤት ውሃ ሲገባበት ስለተበላሹ አንድ ነገር ከእሱ ማረጋገጥ ፈልጋለች።

«እንዲህ ነው የጻፍኩት፦ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አስራ ሦስተኛው ላይ በአንድ ምት የገባ ኳስ የለም። ልክ ነኝ አይደል? ምስክሩ እርስዎ ነዎት።»

ኦሪን ነገ እነግርሻለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ምሳውንም ሳይበላ ዋለ።

ኳሱ ገብቷል። በመጨረሻው ዓመት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ገና ተመልካች ሳይመጣ ነው የገባው። ሚስቱ ማርሊስ ሳንዱች ይዛለት መጣችና ልትደርስ ስትል መንገዱ ላይ አዞራት። ልቧ ከዚያ ጸደይ ጀምሮ ደክሞ ነበር። ሊደግፋት ሲነሣ ወንበርህን ትተህማ አትሄድም አለችው።

«በሃያ ሁለት ዓመት ያልገባ ኳስ በአራት ደቂቃ አይገባም» አላትና ክንዷን ይዞ ወደ ዛፉ ጥላ ወሰዳት። ሲመለስ ሦስት ተጫዋቾች ጉድጓዱን ከበው እየዘለሉ ይተቃቀፋሉ። የመታችው ሳስካችዋን ከሚባል ሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣች ጆዲ ፕሮኮፕ የምትባል ልጅ ናት፤ በአሮጌ መኪና ከከተማ ከተማ እየዞረች የምትጫወት፣ በዚያ ዓመት ካልቀናት ልትተው የቆረጠች።

አዘጋጆቹ ከበቡት። ገብቷል እኮ፣ ምን ቸገረህ፣ ፈርምላትና ትሂድ አሉት። ኦሪን አላየሁም ብሎ አልፈረመም፤ መኪናውም ቀረባት። የት ነበርክ ሲሉት ሽንት ቤት አለ። በሕይወቱ ካወራቸው ጥቂት ውሸቶች አንዷ ይህች ናት። እውነቱን ቢናገር ልጅቷን መኪና ያሳጣቻት ማርሊስ ናት ሊባል ነው፤ ማርሊስ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ከልቧ የምትይዝ ሴት ነበረች። ቤት ሲገቡ እሱም አላነሣው፣ እሷም አላነሣችው። ሳያነሡት ጥር ላይ ሞተች።

ከዚያ በኋላ ቁርስ ቤት ውስጥ እጁን ለመታጠብ እንኳ ብድግ ባለ ቁጥር፣ ዴልመር የሚባለው ጡረተኛ «ኦሪን፣ ተቀመጥ፤ ኳስ ሊገባ ነው!» ይለዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ክፋት የለውም ዴልመር፣ ሰው ማሳቅ ይወዳል። ኦሪን ግን ቀስ በቀስ ቀረ። ፓንኬኩን ቤቱ ጋግሮ ከሬዲዮ ጋር ይበላል። ብቸኝነቱ ያንገበግበዋል፤ ለማን ይናገር?

ብሪን በደወለችለት ማግስት፣ ኦሪን ስለ ጠየቃት፣ የጆዲን ስልክ ፈልጋ ሰጠችው። ጆዲ አሁን ልጆች ጎልፍ ታስተምራለች። ኦሪን የሚለውን ወረቀት ላይ ጽፎ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ወንበሩ ላይ የነበርኩት ሰው ነኝ ብሎ ይቅርታውን ከወረቀቱ ላይ አነበበ፤ ሽንት ቤት መሄዱንም እንደ ልማዱ አብሮ ተናገረ። ሳታቋርጠው ጨረሰ።

«ወንበሩ ባዶ መሆኑን እኮ ኳስ ከምንመታበት መነሻ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ» አለችው። «ቢፈርሙልኝ ኖሮ ሰውየው አልነበሩም ብዬ መናገር ነበረብኝ። ከዚያ ጣጣ ነው ያወጡኝ። ግን ምን ሽንት ቤት ይላሉ? የት ሄዱና?»

ኦሪን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ኳስ እንዳይመታችሁ ከመንገዱ እስክትወጡ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። የአንዲት ሴትዮ ክንድ ይዘው ነበር። የሆነ ነገር አሏቸውና ሴትዮዋ ሳቁ። ውሃ ድምፅ ያመጣል መቼም፤ ሳቃቸው እኔ ድረስ ተሰማ። ያን ዓመት ዱላ በያዝኩ ቁጥር ስለ ውጤቴ ብቻ ነበር የማስበው። ያን ሳቅ ስሰማ እኔም ሳቅ አልኩ፤ ከዚያ መታሁት። ደህና ናቸው ሴትዮዋ?»

«ባለቤቴ ናት» አለ። «ከዚያ በኋላ በመጣው ጥር ሞታለች።»

ነፍስ ይማር አለችው። ከዚያ ኦሪን ለብሪን ኳሱ ገብቷል ብላ እንድትጽፍ፣ ምስክሩ የት እንደነበረም እንድትጽፍ እነግራታለሁ አላት። ያን ጠዋት ያየ ሌላ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለውም ነበር።

«ምን አድርጋ ነበር ራሷ ላይ?» ሲል ጠየቃት።

«ባርኔጣ። ቢጫ፣ ሰፊ።»

ባርኔጣው ዛሬም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ኦሪን ከተቀመጠበት ይታየዋል። ሊያውቅ ብሎ አልነበረም የጠየቃት።

«እስቲ እንደገና ንገሪኝ፣ ልጄ» አላት።

«የቱን?»

«ከመነሻው ላይ ቆመሽ ስትጠብቂን።»

ጆዲም እንደገና ጀመረችለት፤ ሳቁ ጋ ስትደርስ ቀስ አለች።