ፈረንጁ ሽማግሌ የላከ ጊዜ

አባቦራ በጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ በርጩማ በመጥረብ ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው። ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ፣ ያለ አንዲት ምስማር ያወጡታል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የቀረቻቸው ልጃቸው ኩልሱም ብቻ ናት፤ እሷን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ሁሉ ግን አፍሮ ተመልሷል። ሽማግሌ ከላኩት አንዱን ሰነፍ ነው ይሉታል፣ ሌላውን ቁጡ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ቤቱ ጭር እንዳይልባቸው ፈርተው ነው።

ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚ ባወጀ በወሩ ዩሃኒ የሚባል ፈረንጅ ጅማ ገባ። ፊንላንድ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማው ፋብሪካዋ ተዘግቶ ወጣቶቿ ጥለዋት ሄደዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱም "መጥቶ ሥራ የሚከፍትልን የውጭ ድርጅት ፈልግ" ብሎ ልኮታል። ሰውየው አንድ ሆቴል ውስጥ የአባቦራ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ልቡ እዚያው ቀረ።

አስተርጓሚው መምህር ገመቹ የአገሩን ደንብ ያውቃል። ትልቅ ጉዳይ ለብቻ አይጠየቅም ብሎ ሁለት ሽበታም ጎረቤቶች አስከተለ፤ አራት ኪሎ ስኳርም አስያዘ። ስኳር በቀበሌ ራሽን በሚታደልበት ዘመን!

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጡ። አባቦራ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ስኳሩን አዩ፣ በቃ ገባቸው። ኩልሱምን ለፈረንጅ?

"አገራችን ደን በደን ናት" አለ ዩሃኒ በገመቹ አፍ። "መሬት በነፃ እንሰጣለን። አምስት ዓመት ግብር የለም። ቤቱም በክረምት ይሞቃል።"

"ገብቶኛል" ብለው አቋረጡት። የልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን ነገሩን እስከ መጨረሻው አይሰማም፣ መልስም አይሰጥም። "በሚመጣው ዓርብ ተመለሱ።"

በሁለተኛው ዓርብ የግብሩ እፎይታ አሥር ዓመት ሆነ፤ የአውሮፕላን ትኬትና የመጋዝ ማሽንም ተጨመረ። ለልጅ መጋዝ ይሰጣል እንዴ? አባቦራ ተገረሙ፤ ግን የፈረንጅ ጥሎሽ ማን ያውቃል።

"ብርዱ ስንት ወር ነው?"

"ስድስት።"

"ያ አላህ! መስጊድስ?"

"የለም። ግን ቦታ እንሰጣለን።"

"ተመለሱ" አሉ፣ ድምፃቸው ሰለል ብሎ።

ያን ሳምንት መጥረቢያው ከበዳቸው። ኩልሱም በርጩማውን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገች ስታንጎራጉር ያዩዋታል። ሠላሳ ሊሞላት ነው። እኔ ስሞት ማን አላት? ከእስካሁኖቹ ደግሞ ተመልሶ የመጣ አንድም የለ፤ ይሄኛው ግን ከልቡ ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱና ወሰኑ።

በሦስተኛው ዓርብ ብድግ ብለው ቆሙ። "ቢስሚላህ። ልጄን ሰጥቻለሁ።"

ገመቹ ሊተረጉም ጀመረና ወደሳቸው ዞረ። "የምን ልጅ፣ አባቦራ?"

"ኩልሱምን ነዋ!"

ሲተረጎምለት የዩሃኒ ፊት በርበሬ መሰለ። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። "እኛ እኮ የፈለግነው እርስዎን ነው" አለ እየተንተባተበ። "መጥተው የበርጩማ ሥራዎን እኛ ከተማ እንዲከፍቱ።"

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። አባቦራ ግን ዞር ሲሉ ኩልሱም የጓዳው በር ላይ ቆማለች።

"እኔን ማን ጠየቀኝ?" አለች።

በዕድሜያቸው እንደዚያ አፍረው አያውቁም።

ፈረንጁን "እንጨቴም እዚህ፣ እኔም እዚህ" ብለው በክብር ሸኙት፤ እሱም ይቅርታ ጠይቆ ስድስት በርጩማ ገዝቶ ሄደ። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

"ፀሐይ እንኳ የማይወጣበት አገር ሊሰዱኝ ነበር፣ አባ?"

"ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ከልቡ መሰለኝ፣ ወላሂ።"

"ከልቡ የሆነማ አለ። እርስዎን ፈርቶ ሽማግሌ ሳይልክ ሁለት ዓመት ተቀመጠ እንጂ።"

"ማነው?"

"ሸኩር፣ ልብስ ሰፊው። የሰርቦው።"

ሰርቦ ከጅማ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ አባቦራ ግን "ሰርቦማ ሩቅ ነው" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ኩልሱም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ቃሉን ዋጡት።

"ይላክ" አሉ። "ግን ቶሎ ይላክ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።"