ኳሱን ይዘሽ ቁሚ

ደክሞኛል። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ሠላሳውን ዓመት ከዳካር አጠገብ ላለችው ለሩፊስክ ከተማ ልጆች ሒሳብ አስተምሬያለሁ፣ ጎን ለጎን ደግሞ አስራ ዘጠኝ ዓመት የከተማችንን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጥኛለሁ፤ ስለዚህ ድካም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የዘንድሮው ግን ለብቻው ነው። ያደከመችኝ አንዲት ልጅ ናት። ማጌት ጆፕ ትባላለች።

ማጌት ጎበዝ ናት። ኋላ ስናደድ እንዳልረሳው አሁኑኑ ልናገረው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እግሯ ፈጣን፣ እጇ ለስላሳ። በአንድ ጨዋታ ሃያ ነጥብ ማስቆጠር ለእሷ ሻይ እንደ መጠጣት ነው። መወርወር ታውቃለች። መቼ እንደማይወረወር ነው የማታውቀው።

ከቲዬስ ጋር ስንጫወት በሁለት ነጥብ እየመራን ነበር፤ የቀረው ሩብ ደቂቃ ነው። ኳሱን ይዞ መቆም ብቻ ይበቃ ነበር። እሷ ግን ከሩቅ ወረወረችና ሳተች፤ እነሱ ሮጠው ሦስት ነጥብ አገቡብንና በአንድ ተሸነፍን። ካዎላክ ላይ ደግሞ ሦስት ነጥብ እየመራን፣ ከሩቅ የምትወረውረዋን ልጅ በክርኗ ገጨቻት። ኳሱም ገባ፣ ቅጣት ምቱም ገባ፤ በአንድ ተሸነፍን። ከሴንት ሉዊ ጋር ሁለት ጓደኞቿ ቅርጫቱ ሥር ብቻቸውን ቆመው እጃቸውን እያውለበለቡ፣ እሷ በሦስት ሰው መሐል ካላለፍኩ ብላ ኳሱን ተቀማች። ስለ ምቡሩ ጨዋታ ባላወራ ይሻላል። አራት ጨዋታ በአንዲት ልጅ ጥፋት። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ደምሬዋለሁ፤ አራቱን ብናሸንፍ ኖሮ ዘንድሮ ሦስተኛ ሆነን እግራችንን ዘርግተን እንተኛ ነበር። ስለተሸነፍን ግን የእሁዱን የመጨረሻ ጨዋታ ካላሸነፍን ወደ ሁለተኛ ምድብ ልንወርድ ሆነ።

መውረድ ማለት ለእኛ መፍረስ ነው። የወንዶቹ ቡድን ካቻምና ወረደ። የዳካር ቡድኖች ጥሩ ጥሩዎቹን ለቅመው ወሰዱ፣ የቀሩት ወደየሥራቸው ተበተኑ፤ ዛሬ በእነሱ የልምምድ ሰዓት ሜዳው ላይ የሠርግ ወንበር ይደረደራል። የሴቶቹንም ሰዓት በጉጉት የሚጠብቁ እንዳሉ አውቃለሁ። አስራ አራት ልጆች አሉኝ። ከእሁድ በኋላ እንደገና ስለመሰብሰባቸው ምንም ዋስትና አልነበረኝም።

የማጌት ጥፋት ከምን እንደሚመጣ ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶብኛል። በአራቱም ጨዋታ እሷን እንድትጠብቅ የተመደበችው ልጅ የቤተሰብ ስሟ ንጃይ ነበር። በአገራችን ወግ የጆፕና የንጃይ ዘሮች ደግሞ ተገናኝተው በቀልድ ሳይሰዳደቡ ማለፍ አይሆንላቸውም። ንጃይ ጆፕን ሆዳም፣ ሩዝ ጨራሽ፣ ገረዴ ይላል፤ ጆፕም ንጃይን ሎሌዬ ይላል። በገበያም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በዳኛ ፊትም ያው ነው። ተሰዳቢው ቢስቅ ቢመልስ ወግ ነው፤ ቢቆጣ ግን ነውረኛ ይባላል። ማጌት አትቆጣም፣ በዚህ አትታማም። ትመልሳለች። መልሷ ግን በአፍ አይደለም፣ በኳስ ነው። «ገረዴ፣ ይህን መወርወር አትችዪም» ካሏት፣ ሰማይ ቢደፋ ትወረውረዋለች። ይህን ደግሞ የአገሩ አሰልጣኝ ሁሉ ደርሶበታል። ንጃይ የሌለው ቡድን እንኳ አንዲት ፈልጎ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ ሥራዋ መጮህ ብቻ ነው።

አሁን ስሜን ልንገራችሁ። ሊባስ ንጃይ እባላለሁ።

ማጌት አስራ ስድስት ዓመቷ ሳለ መጀመሪያ ወደ ሜዳችን ስትመጣ ስሜን ጠየቀች፤ ነገሯት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «ንጃይ! ጆፕን ለማገልገል ተነሣህ? ጎሽ፣ በርታ!» አለችኝ። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔም «ግቢ ገረዴ፣ እዚህ ግን ሩዝ የለም» አልኳት። እንዲህ ሆነን ስድስት ዓመት ኖርን። ሌሎቹ አጎቴ ለማለት ቶንቶን ይሉኛል፣ አንቱ ይሉኛል። እሷ «ንጃይ» ትለኛለች፤ እኔም ከ«ጆፕ» በቀር ጠርቻት አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ማንም እንደዚያ አድርጎ አልቀለደብኝም።

ታዲያ ከቲዬስ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ተነሥቼ «አንቺ ሆዳም ጆፕ፣ ኳሱ ሩዝ መሰለሽ? ለሰው ማካፈል አታውቂም!» አልኳት። «ንጃይ ስለ ኳስ ምን ያውቃል?» አለች። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ከካዎላክም ስንመለስ እንደዚሁ፣ ከምቡርም እንደዚሁ። በየጊዜው ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ እንግዲህ ነግሬያታለሁ እላለሁ።

ሐሙስ ከአስር ሰዓት ሶላት በኋላ የቡድኑ አምበል ሶክና ሳር ቤቴ መጣች። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ የደረቀ ዓሣ ትነግዳለች፣ ጉልበቷ በፋሻ ነው የሚሄደው። ተቀመጪ ብላት እንቢ አለችኝ።

«ቶንቶን፣ ማጌትን አያሰልፏት ልልዎት አልመጣሁም» አለችኝ። «ያለ እሷ ነጥብ የት እናገኛለን? ግን ይንገሯት።»

«ነግሬያታለሁ።»

«መቼ?»

«መቼ ትያለሽ እንዴ! ሁልጊዜ ነዋ።»

«እርስዎ ሲነግሯት እኮ እኛ በሳቅ ነው የምንሞተው።»

«ሶክና፣ ጆፕ ናት። ጆፕን እንዴት አድርጌ ልቆጣት? ሰው ምን ይለኛል? ሽማግሌው ንጃይ ወግ ጠፋው ልባል?»

«እኔ ሳር ነኝ፣ ወጉ አይከለክለኝም። ይተዉልኝ፣ እኔ ልንገራት።»

«አይሆንም። የአሰልጣኝ ሥራ ነው።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አሁንም አላውቅም። ኩራት ይሆናል። ሶክና «እንግዲህ ቢረፍድም ይንገሯት» ብላ ወጣች።

ዓርብ ልምምድ ላይ ቆርጬ ሄድኩ። ክፍል ውስጥ ተማሪ ዝም የማሰኝበትን ፊቴን ለበስኩና ማጌትን ወደ ሜዳው ጥግ ጠራኋት።

«ጆፕ፣ ቁም ነገር አለኝ።»

«ንጃይና ቁም ነገር!» ብላ ጮኸች። «ኧረ ኑ ስሙ! ሎሌዬ ቁም ነገር አለው!»

ልጆቹ ተሰበሰቡ። ያን ጊዜ ከንፈሬ ሊስቅ ሲል ተሰማኝ። ላቆመው ሞከርኩ፣ በአላህ ሞከርኩ፤ ግን አባቴም አያቴም ጆፕ ሲያዩ ይስቁ ነበርና አፌ ለብቻው ተከፈተ። «እሁድ ስትመጪ ይህን ሆድሽን ቤት ትተሽው ነዪ» አልኳት። ሳቀች፣ ሳቅን፣ ኳሷን ይዛ ሄደች። ሶክና ከወዲያ ጥግ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። በዚያች ቅጽበት ራሴን ጠላሁት።

እሁድ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሜዳችን ጢም ብሎ ሞላ። የመጣው ቡድን የዳካር ነው፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም የሚጎድልበት ነገር የለም። ሰባት ቁጥራቸው ራማ ንጃይ ትባላለች፤ ከማን ጋር እንደምትቆም መናገር አያስፈልገኝም። ከመጀመሪያው ጀምራ «ገረዴ፣ ምሳ በላሽ? ድስቱን ተውሽልን ወይስ እሱንም?» ትላታለች። ማጌት ትስቃለች፣ ትወረውራለች። ያን ቀን ደግሞ ይገባላታል! እስከ አራተኛው ሩብ ድረስ ሃያ ሦስት ነጥብ አገባች። እየገባ ሲሄድ ጥፋት ጥፋት አይመስልም፤ እኔም ከሰዉ ጋር አጨበጨብኩ።

አስራ ስድስት ሰከንድ ሲቀር ስልሳ አንድ ለስልሳ እየመራን፣ ኳሱም የእኛ ነበር። እረፍት ጠየቅሁ። ላብ በላብ የሆኑ ልጆች ከበቡኝ። ማጌትን ላስወጣት አሰብኩ። ነገር ግን ቅጣት ምት ላይ ከእሷ የተሻለ የለም፤ ከአስሩ ዘጠኙን ታገባለች። በዚህ ሰዓት ደግሞ ተጋጣሚ ሰዓቱን ለማስቆም ፋውል መሥራቱ አይቀርም።

«ጆፕ ኳሱን ትያዝ» አልኩ። «ማንም እንዳይወረውር። ጆፕ፣ ኳሱን ይዘሽ ቁሚ። ራሳቸው መጥተው ይነኩሻል፤ ቅጣት ምትሽን ታገቢያለሽ፤ ወደየቤታችን እንሄዳለን። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ ንጃይ። ዛሬ አንድ ቀን ልታዘዝህ» አለችና ጠቀሰችኝ።

ሶክና አየችኝ። አሁን ብናገር፣ አንዲት ቃል ኮስተር ብዬ ብናገር፣ ትሰማኝ ነበር። እኔ ግን «ገረድ ስትታዘዝ ታምራለች» አልኩ። ሳቁ። ፊሽካው ተነፋ።

ራማ ንጃይ አልነካቻትም። አፍንጫዋ ሥር መጥታ እጇን ዘርግታ ቆመች። ቦታው ከወንበራችን ፊት ለፊት ስለነበር እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ።

«ምነው ቆምሽ፣ ጆፕ? አሰልጣኝሽ ነው አትወርውሪ ያለሽ? ሲያዝሽ አይቼዋለሁ። እሱም ንጃይ፣ እኔም ንጃይ፤ ሁለታችንም እናዝሻለን። በይ ቁጭ በይ፣ ገረዴ!»

ከኋላዬ ያለው ሕዝብ ሳቀ። አስር ሰከንድ ቀርቷል። ማጌትም ሳቀች። «ጆፕን የሚያዝ አልተወለደም!» አለችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ወረወረች።

ቆንጆ ውርወራ ነበረች። ኳሱ የብረቱን ቀለበት ዞሮ ዞሮ ወደ ውጭ ወደቀ። አንዷ ረጅም ልጃቸው ይዛ ለራማ ሰጠቻት፣ ራማ ሮጠች፣ ሶክና በዚያ ጉልበቷ ልትደርስባት ሞከረች። አልደረሰችም። ስልሳ ሁለት ለስልሳ አንድ። ደወሉ ጮኸ።

ራማ ማጌትን አቀፈቻት፣ ግንባሯንም ሳመቻት። «የኔ ጆፕ፣ አይዞሽ» አለቻት። በዚያች ልጅ አልፈርድባትም። ወጉን ነው የሠራችው።

ሰዉ እየተበተነ፣ ከአጥሩ ውጭ የጋሪ ነጂዎቹ ተሳፋሪ እየጠሩ ሳለ፣ ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሶክና ፋሻዋን ቀስ እያለች ትፈታለች። ማጌት ወደ እኔ መጣች። አንገቷን አዘንብላ ፊቴ ቆመች።

«ንጃይ» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ኳሱን ከመሬት አነሣሁ።

«በል እንጂ ስደበኝ። ሆዳም በለኝ።»

«ማጌት» አልኳት።

በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየሁት።

«ማጌት፣ ሲሰድቡሽ ትወረውሪያለሽ። ንጃይ ባየሽ ቁጥር ጨዋታው ይጠፋሻል። አራት ጨዋታ እንዲህ ሄደ፣ የዛሬው አምስተኛ ነው። ያቺን ልጅ አንቺ ላይ የመደቡት ስሟን አይተው ነው። አገሩ ሁሉ ያውቅብሻል።»

«አገሩ ሁሉ?»

«አዎ።»

«አንተስ? ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

«ከምቡር ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሻለሁ እኮ! አውቶቡስ ላይ ነግሬሻለሁ፣ ልምምድ ላይ ነግሬሻለሁ፣ ከትናንት ወዲያ እንኳ...»

«እየሳቅክ ነዋ!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ ሁሉ ዞሩ። «እየሳቅክ ነዋ የነገርከኝ! ንጃይ ጆፕን ሲሰድብ ማን እውነት ነው ይላል? አንድ ቀን ኮስተር ብለህ፣ በስሜ ጠርተህ፣ ‹ማጌት፣ እያጠፋሽ ነው› ብለኸኝ ታውቃለህ? አንድ ቀን!»

ብዬያት አላውቅም። ሁሉም ይሰሙ ነበር፣ አስራ አራቱም። ሶክና ፋሻዋን በእጇ እንደያዘች እኔን እኔን ታያለች። በወጉ ላሳብብ፣ በአባቴ ላሳብብ አሰብኩ። ሁሉም ደከመኝ።

«ልክ ነሽ» አልኳት። «መቆጣት ከብዶኝ ነው። መሳቁ ቀለለኝ። አንቺ ወረወርሽ፣ እኔ ደግሞ እያየሁ ሳቅሁ። ቡድኑን ሁለታችን ነን ያፈረስነው።»

ማጌት እዚያው ቆማ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ላጽናናት ፈለግሁ፤ ለእሷ የማውቀው ቃል ሁሉ ግን ቀልድ ነበር።