የአውራ ጣት ስፋት

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት በስፌት ቤቱ አሥራ አራት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛና አንዲት ቆራጭ ነበሩ። ቆራጯ የባለቤቱ እህት ናት። በሃያ ሰባት ዓመት ያበላሸችው ጨርቅ ተደምሮ ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ስለዚህም ሠራተኞቹ “ሚሊሜትር” ይሏታል። ልኮቹን ሁሉ ከካርቶን ቆርጣ ግድግዳው ላይ ሰቅላለች። ካርቶኖቹ የልብሱን ልክ እንጂ ለስፌት የሚገባውን ትርፍ አልያዙም። ጨርቁ ላይ ስታስተኛቸው በዙሪያቸው የአውራ ጣቷን ስፋት ትታ በጠመኔ ታሰምራለች፤ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር። ይህን የትም አልጻፈችውም፤ እጇ ያውቀዋል።

ወንድሟ ሲሞት ስፌት ቤቱን ልጁ ተረከበ። ሦስት ወር ሳይሞላው በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ አስመጣ። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አውርዶ ፎቶ አነሳና ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ ሠራተኞቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣

“አክስቴ፣ እጅሽ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ማሽን አይንቀጠቀጥም። አንቺ በቃ፣ የማሸጊያ ካርቶን እያጠፍሽ እረፊ” አላት።

አንዱ ሳቀ። ልጁም አብሮ ሳቀ። ይህን ልጅ ጀርባዋ ላይ አዝላ ጨርቅ ቆርጣለች።

የትርፉ ነገር ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። “የቀረ ነገር አለ ወይ?” ቢላት ትነግረው ነበር። አላላትም። “ቆይ ብቻ!” አለች በሆዷ፣ መቀሷን በጨርቅ እየጠቀለለች።

የመጀመሪያው ሥራ ለአንድ ሆስፒታል ነርሶች ስድስት መቶ አርባ ጃኬት ነበር። ማሽኑ ሰማንያ ጨርቅ ደራርቦ በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። የመጀመሪያው ንብብር እንደወጣ የሰፊዎቹ ኃላፊ ወደ ማሸጊያው ጥግ እየሮጠች መጣች።

“እትዬ፣ ትርፉ የት ገባ? እንዲሁ ከሰፋነው እኮ ይጠባል!”

“ለሱ ንገሪው።”

“ነገርኩት። ‘ኮምፒውተር አይሳሳትም፣ ዝም ብለሽ ስፊ’ አለኝ። አንቺ አንድ ቃል ብትይው ይሰማሻል። ገና ሰባት ንብብር ይቀራል።”

“እኔ ካርቶን አጣፊ ነኝ፤ ስለ ጨርቅ ምን አውቄ?”

“እትዬ፣ በሞቴ! በሱ የያዝሽውን ቂም በኛ አትወጪ።”

“ማሽኑን ጠይቂው። እሱ አይንቀጠቀጥም አሉ።”

ሴትዮዋ ወደ ሰፊዎቹ ተመለሰች። ቆራጯ የያዘችውን ካርቶን አጥፋ ሌላ አነሳች። ከግድግዳው ወዲያ የማሽኑ ምላጭ ጨርቁን ሲሰነጥቅ ይሰማል። ሁለተኛው ንብብር፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ በእያንዳንዱ አንጀቷ ይርሳል። ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይባላል። እሷም አልጸለየችም፤ ስምንት እስኪሞላ ቆጠረች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሃያ ነርሶች ጃኬቱን ለሙከራ ለበሱት። ቁልፉ የተዘጋላቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው። አንዷ መድኃኒት ከመደርደሪያ ላወርድ ብላ እጇን ስታነሳ ብብቷ ሥር ተተረተረ። ሆስፒታሉ ጃኬቶቹን በሙሉ መለሰ፤ ሥራውንም ለሌላ ሰጠ።

ልጁ አንዱን ጃኬት ይዞ ማሸጊያው ጥግ ድረስ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው ዞር አሉ።

“አክስቴ፣ ምኑን ነው ያጠፋሁት?”

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጃኬቱን የማሸጊያ ካርቶኑ ላይ ዘረጋችው። አልቸኮለችም። “ጎንና ጎኑ አራት ጠርዝ አለው። ከያንዳንዱ አንድ ተኩል ጎድሏል። ደረቱ ስድስት ሴንቲሜትር ጠቧል።”

“ታውቂ ነበር?”

“አልጠየቅኸኝም።”

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህን ልታይ ነበር የጠበቀችው፤ ፊቷን ሳታዞር እስከ መጨረሻው አየችው። “ወደ ጠረጴዛሽ ተመለሺ” አላት፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ተመለሰች። የሚቆረጥ ጨርቅ ግን እምብዛም አልነበረም። እስከ ወሩ መጨረሻ ዘጠኝ ሰፊዎች ተሰናበቱ፤ የመጀመሪያዋ የሰፊዎቹ ኃላፊ ነበረች።